ፍሬን የሌለው እሽቅድምድም፤ ከቬሎድሮም እስከ ብሩክሊን መንገድ

ስለ ብስክሌት እሽቅድምድም ሲነሣ በአገራችን ብዙ ሰው የሚያስበው የአውራ ጎዳናውን ውድድር ነው። ኢትዮጵያ በ1956 በሜልቦርን በተደረገው የኦሎምፒክ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቿ ጋር ብስክሌት ነጂዎችንም ልካ ስለ ነበር ይህ ዓይነቱ ውድድር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመልክ ይህን የሚመስል፤ በጠባዩ ግን ፈጽሞ የተለየ ሌላ እሽቅድምድም አለ፤ ይኸውም ፍሬንና ማርሽ መቀየሪያ በሌለው ብስክሌት በከተማ ውስጥ ተከልሎ በተዘጋ አጭር መንገድ ላይ ብዙ ዙር እየዞሩ የሚሽቀዳደሙበት ነው። አጭሩን ዙር ባለሙያዎቹ ክሪቴሪየም፤ ብስክሌቱን ደግሞ ፊክስድ ጊር ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየ ሰው ወዲያው የሚሰጠው ፍርድ «ይህስ ዕብደት ነው» የሚል ነው። ፍርዱ ከእውነት የራቀ ባይሆንም ሙሉ አይደለም። ታሪኩን ከሥሩ ጀምሮ ስንመረምር የምናገኘው ፍሬኑ ከብስክሌቱ ላይ ቢነሣም ከውድድሩ ውስጥ እንዳልጠፋ ነው፤ የእያንዳንዱ ተሽቀዳዳሚ ደኅንነት የተጣለው አጠገቡ በሚነዳው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ የዚህ ስፖርት ታሪክ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች እንዴት እንደ ተማመኑ፤ እምነቱም በጐደለበት ጊዜ ምን እንደ ደረሰ የሚያሳይ ታሪክ ነው።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በተራው ብስክሌት ነጂው እግሩን ቢያሳርፍ ፔዳሉ ይቆማል፤ ጎማው ግን መሽከርከሩን ይቀጥላል። በፊክስድ ጊር ግን የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ ስለ ታሰረ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፤ ነጂውም እግሩን ለማሳረፍ አይችልም። ፍጥነቱን ለመቀነስ የፈለገ እንደ ሆነ የሚዞረውን ፔዳል በእግሩ ኀይል መግታት አለበት። ማርሹም አንድ ብቻ ነው። ለምሳሌ የፊቱ 48፤ የኋላው 15 ጥርስ ያለው ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 3.2 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ነው ብንል ብስክሌቱ በዚህ 6.72 ሜትር ይሄዳል ማለት ነው። እንግዲህ በሰዓት 45 ኪሎ ሜትር የሚገሠግሥ ሰው ፔዳሉን በየደቂቃው 112 ጊዜ ያህል ማዞር አለበት። ኩርባ ሲደርስም በሌላው ብስክሌት እንደሚደረገው የውስጡን ፔዳል ወደ ላይ አንሥቶ መጠበቅ አይቻልም፤ አብዝቶ ያዘነበለ እንደ ሆነ የሚዞረው ፔዳል መሬቱን መትቶ ነጂውን ይጥለዋል።

ይህ መሣሪያ አዲስ ፈጠራ አይደለም። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ያወጣው ሮቨር የተባለው ብስክሌት፤ ዛሬ ለምናውቀው ሁሉ አባት የሚሆነው፤ የነጂው እግርና ጎማው የማይለያዩበት ነበር። እግርን የሚያሳርፈው ጎማ በሰፊው የተለመደው ወደ 1900 ገደማ ነው። ያን ጊዜ መንገደኛው ሁሉ ወደ አዲሱ ሲያልፍ በቬሎድሮም፤ ማለት ለእሽቅድምድም በተሠራው ክብ ሜዳ፤ የሚወዳደሩት ሰዎች ግን በአሮጌው ጸኑ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ተሽቀዳዳሚዎቹ ነፋሱን ለመከላከል ጎማ ለጎማ ተጠጋግተው ስለሚነዱ ከመካከላቸው አንዱ ድንገት ፍሬን ቢይዝ የኋለኛው ሁሉ ይወድቃል። ማንም ፍሬን ከሌለው ግን ማንም በድንገት አይቆምም። ስለዚህ በቬሎድሮም የፍሬን አለመኖር የድፍረት ምልክት ሳይሆን የጥንቃቄ ሕግ ነበር።

ይሁን እንጂ ደኅንነቱ በጎረቤቱ እጅ የሆነ ሰው ጎረቤቱ ጠላቱ ሲሆን ምን ያደርጋል? ለዚህ ጥያቄ የሜጀር ቴይለር ሕይወት ምስክር ነው። ቴይለር ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን በ1899 በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ በአንድ ማይል ውድድር የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ በ1894 የአሜሪካ ብስክሌት ነጂዎች ማኅበር ጥቁሮችን በአባልነት እንዳይቀበል ወስኖ ነበር። ቴይለር በሜዳ ላይ ነጮቹ ተፎካካሪዎቹ ተባብረው በመካከላቸው ሲያጥሩትና መንገድ ሲዘጉበት ብዙ ጊዜ ታግሏል፤ በ1897 በማሳቹሴትስ ግዛት ከአንድ ውድድር በኋላ የተሸነፈው ሰው አንገቱን ይዞ አንቆታል። እዚህ ላይ መገንዘብ የሚገባን ያው ተጠጋግቶ መንዳት ለአንዱ መጠለያ፤ ለሌላው ወጥመድ ለመሆን መቻሉን ነው።

በዚያው ዘመን ሕግም በእሽቅድምድሙ ገብቷል። በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ስድስት ቀን ሙሉ የሚደረገው ውድድር ነጂዎቹን በእንቅልፍ እጦት ያደክም ስለ ነበር አንድ ሰው በቀን ከ12 ሰዓት በላይ እንዳይወዳደር ተከለከለ። አዘጋጆቹም በ1899 ሁለት ሁለት ሰው እየተፈራረቀ የሚነዳበትን ሥርዓት አመጡ፤ ይህም እስከ ዛሬ በአዳራሹ ስም ማዲሰን ተብሎ ይጠራል። የተጨነቀ ሕግ አዲስ የውድድር ዓይነት ሲወልድ ይህ አንዱ ምሳሌ ነው።

የሃያኛው መቶ ዓመት እያደገ ሲሄድ በአሜሪካ የቬሎድሮም ውድድር ተመልካቹን አጣ። የቬሎድሮሙ ብስክሌት ግን በሌላ በኩል ተመለሰ፤ ያመጡትም በኒው ዮርክ ከተማ ከቢሮ ወደ ቢሮ ደብዳቤና ሰነድ የሚያደርሱት መልእክተኞች ናቸው። ማርሽ መቀየሪያና የፍሬን ሽቦ የሌለው ብስክሌት የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ በመንገድ ላይ ለሚውል ሠራተኛ ይስማማል። ከነዚህ መልእክተኞች አንዱ የነበረው የሃርለም ልጅ ኔልሰን ቬይልስ በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ በስፕሪንት የብር ሜዳይ አግኝቷል።

ከተማው ግን መልእክተኞቹን በሥጋት ዓይን ያያቸው ነበር። በ1987 ከንቲባው ኤድ ኮች በማንሃተን መካከለኛ ክፍል በፊፍዝ፤ በፓርክና በማዲሰን ጎዳናዎች ላይ በሥራ ቀናት በቀትሩ ሰዓቶች ብስክሌት እንዳይነዳ አዘዙ። መልእክተኞቹ ተሰብስበው በሰልፍ ተቃወሙ፤ ጕዳዩም ፍርድ ቤት ደርሶ ትእዛዙ ሳይሠራበት ቀረ። እነዚህ ሠራተኞች ከዚያ በኋላ የራሳቸውን ውድድር ማዘጋጀት ጀመሩ፤ በ1993ም የዓለም የብስክሌት መልእክተኞች ሻምፒዮና በበርሊን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተደረገ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በ2008 ዴቪድ ትሪምብል የተባለ የብሩክሊን ነዋሪ የልደቱን ቀን ምክንያት አድርጎ በሬድ ሁክ ሰፈር ወዳጆቹን ለውድድር ጠራ። ሬድ ሁክ የወደብ ሰፈር ነው፤ አሮጌ መጋዘኖችና በድንጋይ የተነጠፉ መንገዶች አሉት። ውድድሩ የተደረገው በሌሊት ሲሆን የማንም ፌዴሬሽን ፈቃድ አልነበረውም። የመጡትም መልእክተኞችና በመንገድ ውድድር የሠለጠኑ ነጂዎች ናቸው። ወንድና ሴት አብረው ተወዳደሩ፤ ያሸነፈችውም ኬሲ ማንደርፊልድ የተባለች ሴት ናት። በሩ ለሁሉ ተከፍቶ ስለ ነበር ለማሸነፍ የሚችለው ሰው ማን እንደ ሆነ አስቀድሞ የወሰነ አልነበረም።

ሬድ ሁክ ክሪቴሪየም የተባለው ይህ ውድድር በፍጥነት አደገ። በ2010 ወደ ሚላኖ፤ በ2013 ወደ ባርሴሎና፤ በ2015 ወደ ለንደን ተሻገረ። በብሩክሊንም ከክፍት መንገድ ወጥቶ በአጥር ወደ ተከለለ የመርከብ ማረፊያ ገባ። በ2014 ሴቶች የራሳቸው ውድድር ተደረገላቸው። ይህ ለብዙ ሴቶች በር ከፈተ፤ ሽልማትና ዝናም አመጣላቸው። ነገር ግን የመጀመሪያዋ አሸናፊ ወንዶቹን ሁሉ አስከትላ የገባችበት ዓይነት ውድድር በዚያው አበቃ። ሥርዓት ሲመጣ የሚሰጠው ብዙ ነው፤ የሚወስደውም እንዳለ መካድ አይገባም።

በዚህ ውድድር ለመካፈል የሚፈልግ ሰው ምን ያስፈልገዋል? ጠንካራ እግር ብቻ እንደማይበቃ ከላይ ከተነገረው ይታወቃል። ማርሹን ሲመርጥ ኩርባውንና ቀጥታውን አመዛዝኖ ነው፤ ከብዶ ቢመርጥ ከኩርባ ሲወጣ ይዘገያል፤ አቅልሎ ቢመርጥ በቀጥታው መንገድ እግሩ ይንቀዠቀዣል። በኩርባ ውስጥ የያዘውን መሥመር እስከ መጨረሻው መጠበቅ አለበት፤ ከጎኑ ያለው ሰው በዚያ መሥመር ተማምኖ ያዘነብላልና። አስተዋይ ተሽቀዳዳሚ የሚመለከተው ከፊቱ ያለውን ጎማ ብቻ ሳይሆን ከዚያ አልፎ የብዙዎቹን ትከሻ ነው፤ ፍጥነት ሲቀንስ አስቀድሞ የሚታወቀው በዚያ ነውና። የማጣሪያ ዙሮች የሚደረጉትም ፈጣኑን ለመምረጥ ብቻ ሳይሆን መሥመር መያዝ የማይችለው ከብዙ ሰው ጋር እንዳይገባ ለመከልከል ጭምር ነው።

ይህ መተማመን ምን ያህል ቀጭን ክር እንደ ሆነ በ2016 በብሩክሊን ታየ። ውድድሩን ይመራ የነበረው ሞተር ብስክሌት በመንገዱ መካከል ቆሞ ቀረ። የፊተኞቹ አንዳንዶቹ ሲያመልጡ ከኋላ የመጡት እየተጋጩ ተነባብረው ወደቁ። አደጋውን ያመጣው የተሽቀዳዳሚዎቹ ፍሬን ማጣት ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ በመካከላቸው የቆመው ነገር የነሱን ሕግ የማያውቅ፤ በድንገት ለመቆም የሚችል ባለ ሞተር ነበርና። ደግሞም ተመልካቹ ሊዘነጋው የማይገባ ነገር አለ፤ ሁሉም እርስ በርሳቸው ቢጠባበቁ እንኳ ከውጭ ለሚመጣው መሰናክል መልስ የላቸውም። ይህን ውድድር ዕብደት የሚሉት ሰዎች የያዙት እውነት እዚህ ላይ ነው።

ሬድ ሁክ ክሪቴሪየም እስከ 2018 ተካሂዶ በ2019 ቆመ። በጓደኞች ጥሪ በአንድ ሌሊት የተጀመረው ነገር አጥር፤ ሐኪም፤ ዳኛና የተከለለ ቦታ የሚያስፈልገው ታላቅ ድግስ ሆኖ ነበር፤ እንዲህ ያለ ድግስ ደግሞ ደጋሽ ይሻል። የሆነ ሆኖ በልዩ ልዩ ከተሞች የተማሩት ተሽቀዳዳሚዎች ሙያቸውን ይዘው ቀሩ።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ምንድን ነው? በ1890ዎቹ ቴይለርን ያጠሩት ሰዎችና በ2008 በሬድ ሁክ ሌሊት አንዲትን ሴት አስቀድመው የገቡት ሰዎች የነዱት መሣሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለቱም ፍሬን አልነበራቸውም። ልዩነቱ ጎረቤትን እንደ ሰው በመቍጠርና ባለመቍጠር ላይ ነበር። ስለዚህ የአንድን ጨዋታ አደገኛነት ለመመዘን የሚፈልግ ተመራማሪ መሣሪያውን ከመረመረ በኋላ ማን እንዲገባ እንደ ተፈቀደለት፤ የገባውም በሌሎቹ ዘንድ እንዴት እንደ ተያዘ መጠየቅ ይገባዋል።