ለማን ቀድሞ ተነገረ? የመተንፈሻ መሣሪያዎቹ ታሪክ

አንድ አምራች የሸጠው ዕቃ ተጠቃሚውን ሊጎዳ እንደሚችል ሲረዳ ነገሩን አስቀድሞ የሚነግረው ለማን ነው? ዕቃው አልጋው አጠገብ ለተቀመጠው ሕመምተኛ? ለሚቆጣጠረው መንግሥት? ወይስ ለባለ አክሲዮኖቹ? ጥያቄው የሥነ ምግባር ክፍል ጥያቄ ይመስል ይሆናል፤ እኔ ግን የማነሣው እንደ ታሪክ ጥያቄ ነው፤ ቀን የተጻፈበት መልስ አለውና። የኔዘርላንድሱ ፊሊፕስ በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሻቸው ለሚቆራረጥ ሕመምተኞች በሚሸጣቸው መሣሪያዎች ውስጥ ያለው ስፖንጅ አደጋ ሊያስከትል እንደሚችል፣ ለዚህም 250 ሚሊዮን ዩሮ መጠባበቂያ መያዙን በሩብ ዓመት የሒሳብ ሪፖርቱ የገለጸው ኤፕሪል 26 ቀን 2021 ነበር። መሣሪያዎቹን ከተጠቃሚዎች ለመሰብሰብ ማስታወቂያ ያወጣው ደግሞ ጁን 14 ቀን 2021 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱ ቀኖች መካከል 49 ሌሊቶች አሉ። ሪፖርቱ ለሕዝብ ክፍት ነበር የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ እውነት ነው፣ ክፍት ነበር። ነገር ግን ማታ ጭምብሉን ፊቱ ላይ ከማሰሩ በፊት የኩባንያ ሒሳብ የሚያገላብጥ ሕመምተኛ የት ይገኛል?

ጉዳዩን የምመለከተው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። እኔም ሌሊቱን በመሣሪያ ከሚተነፍሱት አንዱ ነኝ። የእኔው በሌላ ኩባንያ የተሠራ በመሆኑ ጥሪው አልነካኝም፤ ሆኖም በዚያ ሰሞን ከማውቃቸው ወገኖች መካከል መሣሪያቸውን ገልብጠው ከሥሩ የተጻፈውን መለያ ቁጥር በመነጽር ሲፈልጉ የነበሩትን አይቻለሁ። የጥያቄአቸውም ፍሬ ነገር አንድ ነበር፤ «ዛሬ ማታ ምን ላድርግ?»

ሕመሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ሐኪሞች ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ይህ ሕመም ባለበት ሰው ላይ በእንቅልፍ ጊዜ የጉሮሮ ጡንቻዎች ሲላሉ የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ ትንፋሽ ይቋረጣል፤ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል። አንጎል ተደናግጦ ይቀሰቅሳል፤ ሰውየው ግን መንቃቱን እንኳ አያስታውስም። ይህ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ሲደጋገም ሕመሙ ከባድ ከሚባለው ደረጃ ደርሷል። ማንኮራፋት የድካምና የጥጋብ ምልክት ሆኖ በሚቆጠርበት በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ብዙውን ጊዜ የትዳር ጓደኛው ፈርታ ስትወተውተው ነው። ያልታከመ ሕመም ከደም ግፊት፣ ከልብ ሕመም፣ ከስትሮክ፣ እንዲሁም መሪ ጨብጦ ከማንቀላፋት ጋር የተያያዘ ነው።

እስከ 1980 ድረስ ለከባዱ ሕመም የነበረው ዋነኛ መፍትሔ አንገትን በቀዶ ሕክምና በስቶ በቀጥታ ወደ አየር ቧንቧው መተንፈሻ ማስገባት ነበር። በዚያ ዓመት ኮሊን ሱሊቫን የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም ሲድኒ ውስጥ ሌላ ሐሳብ ሞከረ። የአቧራ መጥረጊያ ሞተር አየር እንዲስብ ሳይሆን እንዲነፋ አድርጎ፣ ቱቦ አያይዞ፣ ለሕመምተኛው አፍንጫ በልክ በተሠራ ጭምብል አየር በዝግታ ገፋ። አየሩ ራሱ ጉሮሮውን ከፍቶ ያዘው። ከአምስት ሕመምተኞች የተገኘው ውጤት በ1981 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ዛሬ ሲፓፕ የምንለው መሣሪያ አባቱ ያ የቤት ዕቃ ሞተር ነው። መሣሪያውን ለገበያ በማቅረብ ቀዳሚ የሆነው ደግሞ በ1976 በፔንስልቬኒያ የተቋቋመው ሬስፒሮኒክስ ሲሆን፣ ጊዜውም 1985 ነበር። ፊሊፕስ ይህን ኩባንያ በ2008 ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ጠቀለለው።

ፊሊፕስ የሚለው ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1891 አይንድሆቨን ውስጥ አምፖል በመሥራት የተጀመረው ይህ ድርጅት በአባቶቻችን ሳሎን የሬዲዮ ስም ነበር፤ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈኖች ያሳተሙ ሸክላዎችም ላይ ይኸው ስም ተጽፎ ነበር። ይህን የማነሣው ለትዝታ ብቻ አይደለም። ሐኪም አንድ መሣሪያ ሲያዝልን ስለ ውስጡ የምናውቀው ነገር የለም፤ የምናውቀው ስሙን ነው። መተማመኑም የሚደረገው ከስሙ ጋር ነው።

ወደ ስፖንጁ ልመለስ። ሞተሩ ድምፅ ያሰማል፤ በድምፅ ደግሞ አይተኛም። ስለዚህ አምራቹ በአየሩ መንገድ ላይ ድምፅን የሚያፍን፣ ከፖሊስተር ፖሊዩሪቴን የተሠራ ስፖንጅ አኖረ። ይህ ዓይነቱ ስፖንጅ ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ይፈረካከሳል፤ ጥቁር ብናኝና ተናኝ ኬሚካሎችን ይለቅቃል። የመሣሪያው ሥራ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ፣ በውኃ የረጠበ ሞቅ ያለ አየር ሌሊቱን ሙሉ መንፋት ነው። እርጥበት የሚያበሰብሰውን ነገር እርጥበት ካለበት ዕቃ ውስጥ ለምን እንዳስገቡት ለመጠየቅ የኬሚስትሪ ዲግሪ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። በኦዞን የሚሠሩ ማጽጃዎች መበስበሱን እንደሚያፋጥኑ ኩባንያው ተናግሯል፤ ይህም የራሱን ሙግት አስነሥቷል፤ አልገባበትም።

እውነተኛው የታሪክ ሰነድ የተገኘው ከጥሪው በኋላ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር መርማሪዎች በፒትስበርግ አቅራቢያ በምትገኘው መሪስቪል ወደሚገኘው ፋብሪካ በኦገስት 2021 ገብተው እስከ ኖቬምበር ቆዩ። በመዝገቦቹ ውስጥ ያገኙትን ሲጽፉ፣ ኩባንያው ስለ ስፖንጁ መበላሸት ቢያንስ ከ2015 ጀምሮ ከጥሬ ዕቃ አቅራቢው ጋር መልእክት ይለዋወጥ እንደነበር፣ ከ2016 እስከ 2021 መጀመሪያ ባለው ጊዜም በጉዳዩ ላይ ቢያንስ 14 ፍተሻዎችና ግምገማዎች እንደተደረጉ ገለጹ። ስድስት ዓመት ማለት ነው። በእነዚያ ስድስት ዓመታት ፋብሪካው ማምረቱን፣ ሐኪሙ ማዘዙን፣ ሕመምተኛውም መተንፈሱን አላቋረጡም።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ጥቂት መናገር ግድ ነው፤ የነገሩ ፖለቲካ ያለው በዚያ ነውና። አሜሪካ በ1938 ያወጣችው የምግብና የመድኃኒት ሕግ የሕክምና መሣሪያዎችን ቢጠቅስም፣ መሣሪያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ደኅንነቱ እንዲመረመር አያስገድድም ነበር። ይህ የተለወጠው በ1976 ነው። ለለውጡ ከገፋፉት ነገሮች ዋናው ዳልኮን ሺልድ የተባለው በማሕፀን የሚቀመጥ የወሊድ መከላከያ ያደረሰው ጉዳት ነበር፤ ከ1971 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት ከሁለት ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን ሴቶች ተጠቅመውበታል። በዚያም ጊዜ የዕቃው ጉድለት በአምራቹ የውስጥ ወረቀቶች ላይ ተጽፎ ተገኝቷል። በ1984 የወጣው ደንብ ደግሞ አምራቾች መሣሪያቸው ሞት ወይም ከባድ ጉዳት እንዳስከተለ፣ ወይም እንዲህ ያለ ነገር ሊያስከትል በሚችል ሁኔታ እንደተበላሸ ሲሰሙ ለመንግሥት እንዲያሳውቁ አዘዘ። በወረቀት ላይ ያማረ ሕግ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ አቤቱታውን የሚቀበለው አምራቹ ነው፤ መዝኖ «ይህ ለመንግሥት የሚነገር ነው፤ ያኛው አይደለም» የሚለውም በመጀመሪያ ራሱ አምራቹ ነው። ተከሳሹ የክሱ መዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተሾመ ማለት ነው።

ውጤቱን ቁጥር ይናገር። ከ2011 እስከ ኤፕሪል 2021 ድረስ ከስፖንጁ ጋር የተያያዙ ሪፖርቶች ለአስተዳደሩ የደረሱት 30 ብቻ ነበሩ። ከኤፕሪል 2021 በኋላ እስከ 2024 መጀመሪያ ግን ከ116,000 በላይ ደረሱ፤ ከእነዚህም 561ዱ ሞትን የሚጠቅሱ ናቸው። ፕሮፐብሊካና የፒትስበርግ ፖስት ጋዜት ጋዜጠኞች በ2023 ባወጡት ምርመራ ኩባንያው በ11 ዓመታት ውስጥ ከ3,700 በላይ አቤቱታዎችን በጊዜው ሳያሳውቅ እንደያዘ ጽፈዋል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው።

ፍርዴ ሚዛኑን እንዳይስት ሌላውንም ወገን ላስቀምጥ። ሪፖርት ማስረጃ አይደለም፤ መሣሪያው አጠገብ የሞተ ሰው ሁሉ በመሣሪያው ሞተ አይባልም፤ ብዙዎቹ ሪፖርቶች የቀረቡትም ጥሪው ከተሰማ በኋላ ነው። በካናዳዋ ኦንታሪዮ ክፍለ ሀገርና በፈረንሳይ የተደረጉ ጥናቶች በእነዚህ መሣሪያዎች ተጠቃሚዎች ላይ ከሌሎቹ የበለጠ የካንሰር ሥጋት አላገኙም። ኩባንያውም ካስደረጋቸው ፍተሻዎች ተነሥቶ ከፍተኛ ጉዳት የመድረሱ ዕድል አነስተኛ ነው አለ፤ አስተዳደሩ ግን በኦክቶበር 2023 ፍተሻዎቹ አደጋውን ሙሉ በሙሉ ለመገምገም በቂ አይደሉም ሲል መለሰ። ስለዚህ እኔ ስፖንጁ ይህን ያህል ሰው ገደለ አልልም። የምለው ይህን ነው፦ አደጋው ትንሽ ይሁን ትልቅ፣ የመመዘኑ መብት የሚተነፍሰው ሰው ነበር፤ ያን መብት ለስድስት ዓመታት ሌሎች ተጠቀሙበት።

መብቱ ሲመለስለትም በምን መልክ ተመለሰለት? ጁን 2021 ላይ ኩባንያው በአሜሪካ ያሉ የሲፓፕ ተጠቃሚዎች መጠቀም አቁመው ሐኪማቸውን እንዲያማክሩ መከረ። የብሪታኒያ ተቆጣጣሪ ደግሞ ሐኪም ሳታማክሩ አታቁሙ አለ። አንዱ ዕቃ፣ አንዱ ስፖንጅ፣ ሁለት ምክር። የእንቅልፍ ሐኪሞች ቀጠሮ በብዙ ቦታ ወራት ይፈጃል፤ ስልኩም አይነሣም። ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ማቆም ማለት የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው፤ የብናኙን ፍርሃት ሽሽት ወደ ታፈነ ጉሮሮ መመለስ። መቀጠል ደግሞ እያወቁ መሳብ ነው። አንዳንዱ ዝቅ ያለ ሕመም ስላለበት አቁሞ በጎኑ መተኛት ጀመረ። አንዳንዱ ከወንድሙ፣ ከጎረቤቱ አሮጌ መሣሪያ ተዋሰ። መሣሪያውን ፈትቶ ስፖንጁን በጉጠት የነቀለም ነበር፤ አስተዳደሩ ይህን አታድርጉ ብሎ ማስጠንቀቁ ብዙዎች እንዳደረጉት ይመሰክራል። አቅም ያለው በራሱ ገንዘብ ሌላ ገዛ፤ ግን ጊዜው የኤሌክትሮኒክ ቺፕ የጠፋበት ጊዜ ስለነበር ተፎካካሪው ሬስሜድም ፍላጎቱን ማሟላት አልቻለም። የቀረው መለያ ቁጥሩን አስመዝግቦ ጠበቀ፤ ብዙዎች ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁ። ከትሪሎጂ መሣሪያ ጋር ለታሰሩትና ያለ እርሱ ለማይተነፍሱት ደግሞ የማቆም ምርጫ ፈጽሞ አልነበረም፤ የተነገራቸውም እንዳያቋርጡ ነበር።

ከእኛ ወገኖች በተለይ የከባድ መኪና ሾፌሮቹ ነገር ያሳስበኝ ነበር። በአሜሪካ ሾፌር ሆኖ ስሊፕ አፕኒያ የተገኘበት ሰው የጤና ማረጋገጫውን ለማደስ መሣሪያውን በትክክል እንደሚጠቀም የሚያሳይ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ይጠየቃል። የአረጋውያኑ መድን ሜዲኬርም ለመሣሪያው መክፈሉን የሚቀጥለው ሕመምተኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ቢያንስ በአንድ የ30 ቀን ጊዜ፣ ከሌሊቶቹ በ70 በመቶው፣ በየሌሊቱ ቢያንስ አራት ሰዓት መጠቀሙ ሲረጋገጥ ነው። ሕመምተኛው ስንት ሰዓት እንደተነፈሰ በየሌሊቱ በኢንተርኔት የሚላክ መረጃ አለ። ያው መሣሪያ ስለ ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ሲያወራ፣ ስለ ራሱ ግን ስድስት ዓመት አልተናገረም። በሻንጣ ተይዞ አገር ቤት ላለ አባት ወይም እናት የተላከው መሣሪያ ደግሞ በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም፤ የማስታወቂያው ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻም የለውም።

አስተዳደሩ በጁላይ 2021 ጥሪውን ከሁሉ ከባድ በሆነው በመጀመሪያው ደረጃ መደበው። ማርች 10 ቀን 2022፣ ከጥሪው ዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ፣ ኩባንያው ለሕመምተኞች የሰጠው ማስታወቂያ በቂ አይደለም ብሎ እንደገና እንዲያሳውቅ በትእዛዝ ጻፈለት። በመላው ዓለም የሚሰበሰቡት መሣሪያዎች በመጀመሪያ ከ3 እስከ 4 ሚሊዮን ይሆናሉ የተባለው ግምትም ከ5 ሚሊዮን አለፈ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ፍራንስ ቫን ሃውተን በ2022 ሥልጣናቸውን ለሮይ ያኮብስ አስረከቡ፤ በኦክቶበር 2022 አራት ሺህ፣ በጃንዋሪ 2023 ተጨማሪ ስድስት ሺህ ሠራተኞች እንደሚቀነሱ ተነገረ። ስለ ስፖንጁ ምንም የማያውቅ ሠራተኛ ከእነዚያ አሥር ሺህ መካከል ስንት እንደነበረ ቢቆጠር ደስ ባለኝ።

በኤፕሪል 2024 የፌዴራል ፍርድ ቤት ያጸደቀው ስምምነት ኩባንያው የተዘረዘሩትን ግዴታዎች እስኪፈጽም አዳዲስ የእንቅልፍ ሕክምና መሣሪያዎችን በአሜሪካ እንዳይሸጥ አገደው። በዚያው ወር መጨረሻ የአካል ጉዳት ለጠየቁትና ለሕክምና ክትትል 1.1 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ ቀደም ሲል በ2023 ለመሣሪያዎቹ ዋጋ ካሳ ከተስማማበት ቢያንስ 479 ሚሊዮን ዶላር ጋር ሲደመር ከአንድ ቢሊዮን ተኩል ዶላር ያልፋል። ስምምነቱ ጥፋትን ማመን እንዳልሆነም ተጽፎበታል። ክሶቹ በፒትስበርግ ተጠቃልለው ሲታዩ ቆይተው የተቋጩት እንዲህ በድርድር በመሆኑ፣ ከ2015 ጀምሮ መልእክቱን የተለዋወጡትና 14ቱን ፍተሻዎች ያነበቡት ሰዎች በሕዝብ ዳኞች ፊት ቆመው «ከመቼ ጀምሮ ታውቁ ነበር?» ተብለው አልተጠየቁም።