ያለ ኮዲንግ ለሱቃችሁ ድረ ገጽ፦ ከመጀመራችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ

ቡሬ ላይ በርበሬ፣ ፍኖተ ሰላም ላይ ማር፣ ጢስ ዓባይ ላይ ፏፏቴውን ሊያይ ለሚመጣ እንግዳ ማረፊያ... ዕቃው አለ፤ ችግሩ ፈላጊው የት እንደሚያገኘው አያውቅም። ብዙዎቻችሁ የምትሸጡት በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ነው። አሪፍ ነው፤ ግን ዛሬ የለጠፋችሁት ዋጋ በሳምንቱ ታች ወርዶ ይቀበራል። ድረ ገጽ ግን ሁሌም አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጎግል ላይ ሲፈለግም ሊወጣ ይችላል።

ለዚህ ፕሮግራመር መቅጠር አያስፈልግም። ዌብሳይት ቢልደር የሚባሉት ያለቀለት ቅርጽ ይሰጧችኋል፤ እናንተ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ታስገባላችሁ። የታወቁት እነዚህ ናቸው፦

1. ጎግል ሳይትስ፦ ጂሜይል ላለው ሰው ነፃ ነው፣ ማስታወቂያም የለውም። ለመሥራት ግን ከስልክ ይልቅ ኮምፒውተር ይመቻል።

2. ዎርድፕረስ ዶት ኮም፦ የስልክ አፕ አለው። ነፃው ላይ የእነሱ ማስታወቂያ ይወጣል።

3. ዊክስ፦ እ.ኤ.አ. በ2006 እስራኤል ውስጥ የተመሠረተ ነው፤ ፎቶ ለሚበዛበት ሥራ ይመቻል። እዚህም ነፃው ላይ ማስታወቂያ አለ።

በነፃ ስትሠሩ አድራሻችሁ የእነሱን ስም ይይዛል። የራሳችሁን ስም ብቻ የያዘ አድራሻ፣ ማለትም ዶሜይን፣ በየጊዜው ይከፈልበታል። ከውጭ ድርጅት ከገዛችሁ ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በዶላር ካርድ ነው። በዶት ኢቲ የሚያልቀውን የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ጎግል ለንግድ ቤቶች በነፃ የሚሰጠው ባለ አንድ ገጽ ድረ ገጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ዘጋው። አድራሻውን የሚነካ ሰው እስከ ጁን 10 ድረስ ወደ ንግድ ቤቱ የጎግል መረጃ ይመራ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ገጹ የለም። አድራሻውን ካርድና ታፔላ ላይ ያሳተመ ነጋዴ ሌላ ማሳተም ግድ ሆነበት። ነፃ ድረ ገጽ በሰው መሬት ላይ የተሠራ ቤት ነው፤ ባለመሬቱ ተነሱ ካለ መነሳት ነው።

ስለዚህ፦

👉 ፎቶውን፣ ዋጋውንና ጽሑፉን ሌላ ቦታም አስቀምጡ።

👉 የደንበኞቻችሁን ስልክ ደብተር ላይም ጻፉ።

👉 ታፔላ ላይ ከድረ ገጹ በፊት ስልክ ቁጥራችሁ ይቅደም።

👉 ዋጋ ስትጽፉ በኪሎ ነው በኩንታል፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም ግለጹ።

👉 ቦታውን ሰው በሚያውቀው ምልክት ንገሩ፦ መናኸሪያ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ባንክ። በቴሌብር የምትቀበሉ ከሆነም ጻፉት።

👉 ፎቶ አሳንሳችሁ ጫኑ፤ የደንበኛውን ፓኬጅ አትብሉበት።

ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ መቋረጡን የምናውቀው ነው። እንዲህ ሲሆን እናንተ ገጹን መክፈት ባትችሉም አዲስ አበባ ያለው ገዢ ያየዋል። ቁጥራችሁን ካገኘና መስመሩ ከሠራ ይደውላል። ቁጥሩ ከሌለ ግን አይቶ ያልፋል።

ለሚጠቅመው ነጋዴ ሼር አድርጉለት።