ያልተጠየቁት፦ ገመናና አደራ በቅርብ ጊዜ ልቦለዶቻችን

ዘነበወርቅ ውስጥ፣ ከአለርት ሆስፒታል አጥር ጥቂት ፈንጠር ብሎ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የምንሰባሰብበት አንድ ቤት አለ። እማማ የምንላቸው የቤቱ እመቤት ጀበናውን ከእሳት ሲያወርዱ ዐይናቸውን ከእጃቸው አይነቅሉም። የጣቶቻቸው ጫፍ ትኩሱን ከቀዝቃዛው መለየት ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ሥጋ ደዌ የወሰደውን ስሜት መድኃኒቱ አልመለሰላቸውም። ስለዚህ ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ የጀበናውን አንገት ይዘው፣ እጃቸውን እያዩ ያወርዳሉ። በዚሁ እጅ ጥልፍ ይጠልፋሉ፤ መርፌ እንደወጋቸው የሚያውቁት ደሙን ሲያዩ ነው።

የመዓዛ መንግሥቴን «ዘ ሻዶው ኪንግ» በአማርኛ እየተረክሁ ያነበብሁት በዚህ ቤት ነው። ልቦለዱ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝኛ ታትሞ በ2020 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች መካከል የገባ ነው። እኔ ገጹን እያየሁ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፤ አራት አምስት ሴቶች ያዳምጣሉ፣ ያስቆሙኛል፣ ይከራከራሉ። እዚህ የማቀርበው ሐሳብ የተወለደው ከዚያ ክርክር ነው። በቅርብ ዓመታት ስለ ጽኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች የተጻፉ ልቦለዶች የሚያጠነጥኑት በምስጢር ላይ ነው ሲባል እንሰማለን። «ምስጢር» የሚለው ቃል ግን የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ይሸፍንብናል። ገመና አለ፤ እንዳይታይ ተብሎ የሚከደን። ማንም ስላልጠየቀ ብቻ ሳይነገር የቀረም አለ። እነዚህን ካልለየን የሴቶቹን ጽናት በተሳሳተ ሚዛን እንመዝነዋለን።

ሚዛኑ አስቀድሞ የተዛባው በቋንቋችን ውስጥ ነው። ሴትን ከምናሞግስባቸው ቃላት አንዱ «ቻይ» ነው። ሆደ ሰፊ ናት፣ ሁሉን ችላ ኖረች እንላለን፤ ለቅሶ ቤት ስለ ሟች እናት ከዚህ የበለጠ ምስጋና አይነገርም። ቃሉ ግን በውስጡ ያልተጻፈ ውል ይዟል፦ ቻይዋ ሴት የቻለችውን ነገር አትናገርም። የተናገረች ዕለት መቻሏ ይፈርሳል፣ ምስጋናውም ይነሣባታል። እንግዲህ ውዳሴው የሚከፈለው ለጥንካሬዋ ነው ወይስ ለዝምታዋ? ከዚህ በታች የማነሣቸው ደራስያን ሁሉ፣ በእኔ ንባብ፣ ይህን ውል ለማፍረስ የተነሡ ናቸው።

«ዘ ሻዶው ኪንግ» ውስጥ ሒሩት ወላጆቿን ያጣች፣ በኪዳኔና በአስቴር ቤት በገረድነት የምታገለግል ልጅ ናት። ከአባቷ የቀራት ሀብት አንድ ውጅግራ ጠመንጃ ነው። የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ በእኛ አፍ ውጅግራ ከሆነ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ስሙን ስጠራው እማማ ከጥልፋቸው ቀና ብለው «በአባቴም ቤት ነበር» አሉ። የጣሊያን ወረራ ሲቃረብ ኪዳኔ ጠመንጃውን ለጦሩ ብሎ ይወስድባታል። አስቴር በቅናት ትገርፋታለች። ዘመቻ ከተወጣ በኋላ ደግሞ ያው ኪዳኔ፣ ጦሩን ለአገሩ የሚመራው ኪዳኔ፣ ሒሩትን ይደፍራታል።

እዚህ ላይ ስደርስ ቤቱ ጸጥ አለ። አንደኛዋ «ይህንንስ ባትጽፈው ምን ነበረበት፤ አርበኛ አይደል?» አለች። ሌላዋ ቀበል አድርጋ «የበደለን ጣሊያን ብቻ ነው እንዴ?» አለቻት። ስለዚህ ልቦለድ በወጡ ግምገማዎች ሁሉ ከዚህ የጠለቀ ጥያቄ አላገኘሁም። የአርበኝነት ሥነ ጽሑፋችን ጠላትን ከውጭ፣ ጀግናን ከውስጥ አድርጎ መጻፍ ለምዷል። መዓዛ ጀግናውንና በዳዩን በአንድ ሰው ውስጥ አስቀመጠቻቸው፤ ከዚያም ሒሩት ያንኑ ጦር ሳትለቅ እንድትዋጋ አደረገች። ሒሩት የምትጠብቀው ንጉሥ ጥላ ነው፤ ምንም የሚባል፣ መልኩ ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር የሚመሳሰል ገበሬ። እሷ ግን ጥላ አይደለችም። የምትዋጋው ለኪዳኔ ብላ አለመሆኑን አንባቢው ከገጽ ገጽ እየተረዳ ይሄዳል፤ በደሏን ዋጥ አድርጋ «ቻለች» ማለትም አይቻልም፤ ቂሟን ይዛ ነው የምትዘምተው። እንደ እኔ እምነት የመጽሐፉ ትልቁ ግኝት ይህ ነው።

አስቴርን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። አስቴር የባሏን ካባ ለብሳ ሴቶችን ለዘመቻ ስትጠራ፣ ከመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ጋር ዐይን ለዐይን እንተያያለን። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ባሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ትለብሳለች፤ የምትለብሰው ግን ሴትነቷን ለመደበቅ ነው፤ በሰላም የምታልፈው ካልታወቀች ብቻ ነው። በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ሰብለ ወንጌልም ከአባቷ ቤት ወጥታ በዛብህን ፍለጋ ትሄዳለች፤ መጨረሻዋ ምንኩስና ነው። አስቴር የባሏን ልብስ የምትለብሰው እንድትታይ ነው። ወንድ መስላ ማንንም አታታልልም፤ ካባው የእኔም ነው እያለች ነው። ከጦቢያ እስከ አስቴር ያለው መንገድ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል።

ከመጽሐፉ ይልቅ ግን እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ የመጽሐፉ አወላለድ ነው። መዓዛ ስለ ሴት አርበኞች ለዓመታት ስትመረምርና ስትጽፍ ከቆየች በኋላ ነው የገዛ ቅድመ አያቷ መዝመቷን ከእናቷ የሰማችው። ቅድመ አያቷ ገና ልጅ ሳለች የተዳረች ነበረች። ክተት ሲታወጅ ከየቤቱ የበኩር ልጅ ጠመንጃ ይዞ እንዲዘምት ታዘዘ፤ በኩሯ እሷ ነበረች። አባቷ ጠመንጃውን ለባሏ ቢሰጥ ከሰሰች፣ ረታች፣ ጠመንጃዋን ወስዳ ዘመተች። መዓዛ ይህን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልነገረቻት እናቷን ብትጠይቃት፣ መልሱ አልጠየቅሽኝም የሚል ነበር።

ይህ መልስ የምስጢርን ትርጉም ይገለብጠዋል። ቅድመ አያቲቱ በችሎት ቆማ የተሟገተች ሴት ናት፤ ሽማግሌ ሰምቷታል፣ አገር አውቋታል። የሸሸገችው አንዳች ነገር የለም። ታሪኳ ከቤተሰቡ ጓዳ ሳይወጣ የቀረው ጠያቂ ስላጣ ነው። ስለ ሴቶች ታሪክ ስንጽፍ «የተደበቀ»፣ «የተሰወረ» የምንለው አብዛኛው ነገር እንዲህ ያለ ይመስለኛል። ቃላችን ጥፋቱን ከጠያቂው አንሥቶ በዝምተኛዋ ላይ ይጭናል።

ሴቶቹ ያልተሸሸጉ ለመሆናቸው ማስረጃ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። ከአዲስ አበባ ምዕራባዊ ጫፍ በአስኮ በኩል ወጥቶ በቡራዩና በሆለታ የሚያልፈው የአምቦ መንገድ አዲስ ዓለም ያደርሳል። የሸዋረገድ ገድሌ አገር ነው። ሸዋረገድ ሀብቷን ለአርበኞች ስንቅና መሣሪያ ያፈሰሰች፣ ከከተማ ወደ ጫካ መረጃና መድኃኒት የምታሻግር፣ ተይዛ በኤሌክትሪክ የተሠቃየች፣ ወደ ጣሊያኗ የአዚናራ ደሴት የተጋዘች፣ ከተመለሰችም በኋላ ትግሏን ያልተወች አርበኛ ናት። የመናገሻ አዲስ ዓለሟ ልጅ ስንዱ ገብሩም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰልፋ፣ ተማርካ፣ በዚያው በአዚናራ ታስራለች፤ ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርታ፣ በ1942 ዓ.ም. «የልቤ መጽሐፍ»ን አሳትማ፣ በ1950 ዓ.ም. ፓርላማ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት ሆናለች። ሸዋረገድ በሥቃይ ውስጥ ያልተናገረችው ምስጢር የጓዶቿ ሕይወት ነበር። ያ ዝምታ መሣሪያ ነው። ከገመና ጋር በአንድ ቃል መጠራት የለበትም።

በዚሁ በአዲስ አበባ ምዕራብ የምትገኘውን ኮልፌን በዓለም መጻሕፍት ውስጥ ያስገባት ደግሞ የአንድ ወንድ ታሪክ ነው። ኔልሰን ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1962 ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሰፈር ነበር፤ ሲሄድ ሽጉጥ ከነጥይቱ ተበርክቶለታል። በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ራሱ ጽፎታል። ታሪኩን የምወደው ነው፤ ይሁንና ከመዓዛ መጽሐፍ ጎን ሳስቀምጠው አንድ ነገር ይታየኛል። ለእንግዳው መሣሪያ በክብር ተሰጠው፤ የቅድመ አያቲቱን መሣሪያ ለማግኘት ግን ክስ አስፈለገ።

ገመናን ፊት ለፊት የገጠመችው ርብቃ ፍሥሐ ናት። አዲስ አበባ ተወልዳ ካናዳ የምትኖረው ርብቃ እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተመችው «ዶተርስ ኦፍ ሳይለንስ» ደሴ የተባለች የበረራ አስተናጋጅ አለች። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንድ እሳተ ገሞራ አመድ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋው ደሴ አዲስ አበባ ላይ ትቀራለች። እናቷ ከሞተች ገና ቅርብ ነው፤ ከአያቷ ጋርም፣ ከልጅነቷ በደል ጋርም ትፋጠጣለች። እዚህ ጦርነት የለም። አደጋው ሳሎን ውስጥ ነው፤ ዝምታውን የሚጠብቁት የሚወዷት ሰዎች ናቸው። ለዚህች ሴት «አልጠየቅሽኝም» የሚል መልስ አይሠራም፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ከድኖታል። ቻይ መሆን እዚህ ላይ ሙሉ በሙሉ ይከስራል፤ እናት የቻለችው ለልጅ ዕዳ ሆኖ ይተላለፋልና።

ገብርኤላ ገርማንዲ በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ2007 በጣሊያንኛ በጻፈችው «የአበቦችና የዕንቁዎች ንግሥት» ሌላ ቃል ታቀብለናለች፦ አደራ። ደብረ ዘይት የምታድገው ማኅሌት ከአረጋዊው ያዕቆብ የሰማችውን ታሪክ እንድትናገር አደራ ይጣልባታል። ጣሊያን ሄዳ ትማራለች፣ አደራዋን ትረሳለች፤ ያዕቆብ ሲሞት ተመልሳ ትመጣለች፣ ሰዎችም አንድ በአንድ ታሪካቸውን ያራግፉባታል። ልቦለዱ እንደ ጥልፍ ነው፤ ክሩ በየጊዜው ከጨርቁ ሥር ይሰወርና ሌላ ቦታ ብቅ ይላል። ቤቱ ውስጥ ይህን ስተርክ ሴቶቹ በጣም ወደዱት፤ ሰሚ ያገኘች ልጅ ሳትሆን ሰሚ የሆነች ልጅ ስለሆነች ይመስለኛል።

ሦስቱም መጻሕፍት መጀመሪያ የተጻፉት በአማርኛ አለመሆኑ ያሳስበኛል። ሰበቡ ስደት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ደራስያኑ ያደጉበትንና የሚኖሩበትን ቋንቋ ተጠቅመዋል። ነገር ግን እነዚህን ገጾች ወደ አማርኛ ስመልስ አፌ የሚያዝባቸው ቦታዎች አሉ። ኪዳኔ በሒሩት ላይ የሚፈጽመውን በእንግሊዝኛ ያለ ችግር አነበዋለሁ፤ በአማርኛ፣ በእማማ ፊት፣ ቃል ያጥረኛል፤ ያለው ቃል ወይ ስድብ ነው ወይ የፍርድ ቤት ቋንቋ። ባዕድ ቋንቋ ገመናን ለመግለጥ ድፍረት ይሰጣል፤ ዋጋው ደግሞ የገመናው ባለቤቶች አለመስማታቸው ነው። ፀሐይ መላኩን የመሳሰሉ በአማርኛ የሚጽፉ ሴት ደራስያን የያዙት ሥራ ስለዚህ ከባድ ነው፤ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ታሪኩ የሚነገርበትን ቃልም መፍጠር አለባቸው። ተርጓሚም ቢገኝ ይኸው ሥራ ይጠብቀዋል።

የመጠየቅን ነገር አለዝቤ ማለፍ ግን አልችልም። ከቡና ተጣጪዎቹ አንዷ ቆሼ ከሚባለው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ትኖር የነበረች ናት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ምሽት፣ የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲቀብር ከ110 በላይ ሰው ሞቷል፤ አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ስለዚያ ምሽት አልጠየቅኋትም። ከላይ ታሪክ ሳይወጣ የሚቀረው ጠያቂ ሲያጣ ነው ብዬ ስጽፍ እሷን እያሰብሁ ነበር። ምናልባት የምትጠብቀው ጠያቂ ነው። ምናልባት ደግሞ የከደነችው ነገር አለ፣ እኔም ክዳኑን የማንሣት መብት የለኝም። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ ዝምታዎች አንድ ዓይነት ናቸው።

«ዘ ሻዶው ኪንግ» ውስጥ ወጥ ቤት የምትሠራ ሴት አለች። አስቴርንም ሒሩትንም ታውቃለች፣ ጦሩን ተከትላ ትሄዳለች፣ ሁሉን ታያለች፤ ስሟ ግን አይጠራም፤ «ወጥ ቤቷ» ብቻ ናት። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጨረስን ዕለት እማማ ስሟን ጠየቁኝ።

«አልተጻፈም እማማ» አልኋቸው።

«ረስተዋት ነው ወይስ እሷ እምቢ ብላ?»

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥሁ። እኔ የማነበው እምቢታ አድርጌ ነው፤ ብዙ ከተወሰደባት በኋላ ለማንም ያልሰጠችው ነገር ስሟ ይመስለኛል። ይህንኑ ነገርኋቸው። እማማ ዝም ብለው ቆዩ። እሳቸው ከትውልድ ቀያቸው ሲወጡ ሕመማቸውን ለማንም አልተናገሩም፤ ይህን የነገሩኝ ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለው ነው።

«እንግዲያ ደግ አደረገች» አሉና ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ እጃቸውን እያዩ፣ ጀበናውን አነሡ።