የካንትሪል መሰላል

የካንትሪል መሰላል ሰዎች ለገዛ ሕይወታቸው ነጥብ የሚሰጡበት የመጠይቅ ዘዴ ነው። ተጠያቂው ከግርጌው 0፣ ከአናቱ 10 የተጻፈበት መሰላል በሐሳቡ ይስላል። ላይኛው ጫፍ ሊያገኘው የሚችለው ምርጥ ሕይወት፣ ታችኛው የመጨረሻው ክፉ ነው። ከዚያ አሁን ስንተኛው ደረጃ ላይ እንደቆመ ይጠየቃል።

ዘዴውን የቀረጸው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሀድሊ ካንትሪል በ1965 (ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) ከተለያዩ አገሮች የሰበሰበውን መልስ በመጽሐፍ አወጣ። በ1974 ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ኢስተርሊን በዚሁ መረጃ ጭምር ተመርኩዞ፣ በአንድ አገር ውስጥ ባለጸጋው ከድሃው ይልቅ ደስተኛ ነኝ ቢልም አገር ሲበለጽግ የሕዝቡ ደስታ አብሮ ማደጉ አጠራጣሪ ነው አለ። ኢኮኖሚስቶቹ ቤትሲ ስቲቨንሰንና ጀስቲን ዎልፈርስ በ2008 ተቃወሙት፤ ክርክሩ አልተዘጋም።

ብዙ ያነጋገረው ግን የ75,000 ዶላር ጉዳይ ነው። ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካህኔማንና አንገስ ዲተን በ2010 ከ450,000 በላይ የአሜሪካውያንን መልሶች መርምረው፣ ዓመታዊ ገቢ ከዚህ መጠን ካለፈ በኋላ የዕለት ተዕለት ስሜት መሻሻሉን ያቆማል አሉ። ጋዜጦች ቁጥሩን ተቀባበሉት። በመሰላሉ ላይ የሚሰጠው ነጥብ ግን ከገቢ ጋር ማደጉን እንደቀጠለ እዚያው ጽሑፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ፣ ያን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ሌላው ተመራማሪ ማቲው ኪሊንግስወርዝ በ2021 ስሜትም ቢሆን አይቆምም ሲል፣ ካህኔማን ከመሟገት ይልቅ አብሮት ሠራ። በ2023 ባወጡት የጋራ ጥናት መሠረት የአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢው ጋር ይጨምራል፤ የሚገታው ደስታቸው እጅግ ዝቅተኛ በሆነ ሰዎች ዘንድ፣ 100,000 ዶላር ገደማ ላይ ነው።

ከ2012 ጀምሮ የሚወጣው የዓለም የደስታ ሪፖርት አገሮችን የሚደረድረው የሕዝብ አስተያየት አጥኚው ድርጅት ጋሉፕ በሚሰበስበው የመሰላል ነጥብ ብቻ ነው። ገቢ፣ ጤናማ ዕድሜ፣ ማኅበራዊ ድጋፍ፣ ነጻነት፣ ልግስናና ሙስና ልዩነቱን ለማብራራት እንጂ ደረጃ ለማውጣት አይገቡም። ድጋፍ የሚለካው በችግር ጊዜ የሚደርስ ዘመድ ወይም ወዳጅ መኖሩን በመጠየቅ ነው። መልሱ አለ ወይም የለም ስለሆነ፣ እድርተኛውና አንድ ጓደኛ ብቻ ያለው እኩል ይቆጠራሉ።

መሰላሉ ራሱም ተተችቷል። በ2024 በብሪታንያ አዋቂዎች ላይ የተደረገ ጥናት የመሰላሉ ምስል ሐሳብን ወደ ሥልጣንና ሀብት እንደሚስብ፣ ምስሉ ሲቀር ይህ እንደሚቀንስ አሳየ። ለደስታ መለኪያነት የተመረጠ መሣሪያ ይህን ማድረጉ ቀላል ነገር አይደለም።

ጋሉፕ ተጠያቂው ከአምስት ዓመት በኋላ የሚጠብቀውንም ደረጃ ይመዘግባል። ለአሁኑ 7 እና ከዚያ በላይ፣ ለወደፊቱ ደግሞ 8 እና ከዚያ በላይ የሰጠ፣ ድርጅቱ «የለመለመ» በሚለው ምድብ ውስጥ ይገባል።