ድንበር ሲቀያየር ያልተነቀለው የሁጌል ቤተሰብ የወይን እርሻ

በምሥራቃዊ ፈረንሳይ፣ በቮዥ ተራሮችና በራይን ወንዝ መካከል በተዘረጋችው የአልዛስ ግዛት፣ ሪክቪር የምትባል በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ትገኛለች። በከተማዋ መሃል ካለ አሮጌ ቤት ሥር፣ በምድር ቤት ውስጥ፣ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1715 የተሠራ ግዙፍ የእንጨት በርሜል አለ። 'ቅድስት ካትሪን' የሚል ስም የተሰጠው ይህ በርሜል 8,800 ሊትር ይይዛል። ለትዕይንት የተቀመጠ ቅርስ አይደለም፤ እስከ ዘመናችን የወይን ጠጅ ሲጠራቀምበት ኖሯል። የጊነስ የድንቃ ድንቅ መዝገብም ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ የቆየ በርሜል ሲል አስፍሮታል።

በርሜሉ የተሠራው የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በሞተበት ዓመት ነው። ባለቤቱ የሁጌል ቤተሰብ ግን በዚያን ጊዜ በሪክቪር ከ70 ዓመት በላይ ኖሮ ነበር። ዛሬ ድርጅቱን የሚመሩት የቤተሰቡ የ12ኛና የ13ኛ ትውልድ ልጆች ናቸው።

ከጦርነት ፍርስራሽ የተጀመረ ሥራ

ሃንስ ኡልሪክ ሁጌል የሪክቪር ነዋሪነት መብት ያገኘው በ1639 ነው። ወቅቱ ከ1618 እስከ 1648 አውሮፓን ያመሰው የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ገና ያላበቃበት ነበር። አልዛስ በጦርነቱ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዷ ናት፤ ብዙ መንደሮች ባዶ ቀርተዋል፣ የወይን ተክሎችም ጠፍ ሆነዋል። ሠራተኛ እጅ ያጣችው ምድር ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሰው ትፈልግ ነበር።

ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ጉዳይ አለ። የሁጌል ቤት ሥራውን ሲጀምር ሪክቪር የፈረንሳይ ከተማ አልነበረችም። ከ1324 ጀምሮ በጀርመን ምድር የሚኖሩት የቩርተምበርግ መሳፍንት ርስት ነበረች፤ ከእጃቸው የወጣችውም በፈረንሳይ አብዮት ዘመን ነው። የከተማዋ የወይን እርሻ ዋጋ ምን ያህል እንደነበር ለመገመት፣ ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር ለቩርተምበርግ መስፍን ገንዘብ ሲያበድር በመያዣነት ከቀረቡለት ንብረቶች መካከል የሪክቪር የወይን እርሻዎች እንደነበሩበት ማስታወስ ይበቃል።

በአንድ ዕድሜ አራት ጊዜ ዜግነት መቀየር

ከሁሉም የከበደው ፈተና ግን ኋላ የመጣው ነው። ፈረንሳይ በፕሩሲያ በተሸነፈች ማግስት፣ በ1871፣ አልዛስ ወደ ጀርመን ተጠቃለለች። በ1918 ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። በ1940 ናዚዎች ወሰዷት፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ ጋር ደግሞ ዳግም የፈረንሳይ ሆነች።

የዘመናዊው የሁጌል ድርጅት አባት የሚባለው ፍሬደሪክ ኤሚል ሁጌል ይህን ሁሉ በአንድ ዕድሜ አይቷል። ከ1871 በፊት ፈረንሳዊ ሆኖ ተወለደ፤ ከቀዬው ሳይነቃነቅ ጀርመናዊ፣ ፈረንሳዊ፣ እንደገና ጀርመናዊ፣ በመጨረሻም ፈረንሳዊ ተባለ። ድርጅቱን በ1902 አሁን ወዳለበት የከተማዋ እምብርት ያዛወረው እሱ ነው።

ለወይን ገበሬ የድንበር መቀያየር የባንዲራ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ገበያው ይቀየራል፤ ሕጉና የወይኑ ዓይነት ሳይቀር ይቀየራል። በጀርመን አገዛዝ ዘመን ከአልዛስ የሚፈለገው በብዛት የሚመረት፣ ከሌላ ጋር የሚደባለቅ ርካሽ የወይን ጠጅ ነበር። በ1918 ፈረንሳይ ስትመለስ ደግሞ ያ ገበያ በአንድ ጊዜ ተዘጋ፤ ከደቡብ ፈረንሳይ ከሚጎርፈው ርካሽ መጠጥ ጋር በዋጋ መፎካከር የሚቻል አልነበረም። ፍሬደሪክ ኤሚልና መሰሎቹ የመረጡት መንገድ ምርታማ ግን ተራ የሆኑትን ተክሎች ነቅሎ እንደ ሪዝሊንግ ያሉትን ምርጥ ዝርያዎች መትከል ነበር። አዲስ ተክል ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ዓመታት ስለሚወስድ፣ ውሳኔው ለዓመታት ገቢን መሥዋዕት ማድረግን ይጠይቅ ነበር።

የናዚ ዘመን ከዚህ ሁሉ የከፋ ነበር። በፈረንሳይኛ መናገር ተከለከለ፤ የመንደርና የሰው ስሞች ወደ ጀርመንኛ ተለወጡ፤ ፈረንሳዊነትን ያሳያል የተባለው ቤሬ ቆብ እንኳ ታገደ። ከነሐሴ 1942 ጀምሮ ወደ 100,000 የሚጠጉ የአልዛስ ወጣቶች በግዳጅ ለጀርመን ጦር ተመለመሉ። ከሁጌል ቤተሰብ ልጆች መካከልም የጀርመን የደንብ ልብስ ለብሰው የዘመቱ ነበሩ።

ሪክቪር ታኅሣሥ 5 ቀን 1944 በአሜሪካ ወታደሮች ነጻ ወጣች። በቅርብ ርቀት ያሉት ቤንቪርና ሲጎልሰይም በቀጠለው ውጊያ ሲወድሙ፣ ሪክቪር ከነመካከለኛው ዘመን ቤቶቿና ከነምድር ቤቶቿ ተረፈች።

አፈሩና ፍሬው

የቮዥ ተራሮች ከምዕራብ የሚመጣውን ዝናብ ስለሚያግዱ፣ በግርጌያቸው ያለችው የኮልማር ከተማ አካባቢ በፈረንሳይ ዝናብ ከሚያንሳቸው ስፍራዎች አንዱ ነው። ወይኑ በደረቅና ረጅም የመጸው ወራት ቀስ ብሎ ይበስላል። የሁጌል ቤተሰብ በሪክቪር ዙሪያ ወደ 30 ሄክታር የሚጠጋ የራሱ እርሻ አለው፤ ለተራ ምርቶቹ ደግሞ በውል ከሚያስተሳስራቸው ገበሬዎች ፍሬ ይገዛል።

ከይዞታው ሁሉ የከበሩት ሁለት ቦታዎች ናቸው። ሾነንቡርግ ከከተማዋ ግንብ በላይ የሚነሳ ቀጥ ያለ ተዳፋት ሲሆን፣ ጂፕሰም የተቀላቀለበት አፈሩ ለሪዝሊንግ ይስማማል። ከዚህ የሚገኘው ጠጅ ጣፋጭነት የሌለው፣ ኮምጣጤነቱ የጎላና ለአሥርት ዓመታት ሊቀመጥ የሚችል ነው። ሸክላማው ስፖረን ደግሞ መዓዛው እንደ ጽጌረዳ ለሚያውደው ጌቩርትስትራሚነር ይመረጣል።

 'ዣንቲ' የሚባለው ምርቱ የተለያዩ ዝርያዎችን አዋህዶ የሚዘጋጅ፣ የአልዛስን የቆየ ልማድ የተከተለ በዋጋው ቀለል ያለ ጠጅ ነው።

ቤተሰቡ የጻፈው ሕግ

በሁጌል ቤት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ለሌሎች የተረፈው ሥራ የዣን ሁጌል ነው። በቅጽል ስሙ ጆኒ የሚባለው ይህ ሰው በ1924 ተወልዶ በ2009 ያረፈ ሲሆን፣ ሕይወቱን ያዋለው ዘግይቶ ለሚለቀም ወይን ክብር ለማስገኘት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዳንድ ዓመታት የወይን ዘለላው ከተለመደው የለቀማ ጊዜ በኋላ ለሳምንታት ተክሉ ላይ ይቆያል። የመጸው ጭጋግና ፀሐይ ሲፈራረቁ ቦትራይቲስ የተባለ ሻጋታ ፍሬውን ይይዘዋል። ሻጋታው ቆዳውን እየበሳ ውኃውን ያስተንና ስኳሩንና መዓዛውን ያጠነክረዋል። መልኩ ለዓይን የማያምር፣ ለምርት መጠንም የሚያከስር ነው፤ ዝናብ ከመጣ ደግሞ ሁሉም ሊበላሽ ይችላል። ከተሳካ ግን ምንም ስኳር ሳይጨመርበት እጅግ ጣፋጭ የሆነ የወይን ጠጅ ይወጣዋል።

የሁጌል ቤት እንዲህ ያለውን ጠጅ ሲያዘጋጅ ኖሯል። ይሁን እንጂ የሚጠራበት ስም ከጀርመንኛ የተወሰደ ነበር፤ ማንም በራሱ መስፈርት ሊጠቀምበትም ይችል ነበር። ጆኒ የረቀቀበት ደንብ በ1984 የፈረንሳይ ሕግ ሆነ። 'ቫንዳንዥ ታርዲቭ'፣ ማለትም ዘግይቶ የተለቀመ፣ እንዲሁም ሻጋታ የያዛቸው ፍሬዎች እየተመረጡ የሚዘጋጀው 'ሴሌክሲዮን ደ ግሬን ኖብል' የተባሉት ስሞች የተፈቀዱት ለአራት ዝርያዎች ብቻ ነው፤ እነሱም ሪዝሊንግ፣ ጌቩርትስትራሚነር፣ ፒኖ ግሪና ሙስካ ናቸው። ስኳር መጨመር ተከለከለ፤ በፍሬው ውስጥ ያለው ስኳር ዝቅተኛ መጠንም ተወሰነ። ዛሬ እነዚህን ስሞች የሚጠቀም የአልዛስ አምራች ሁሉ ለዚሁ ደንብ ተገዢ ነው።

ቤተሰቡ ሕግን ሁሉ የሚቀበል ግን አልነበረም። በአልዛስ 51 የሚሆኑ ማሳዎች 'ግራን ክሩ' የሚል ከፍተኛ ማዕረግ ሲሰጣቸው፣ ድንበራቸው ከሚገባው በላይ ሰፍቷል በማለት፣ በማዕረጉ ክልል ውስጥ ሰፊ መሬት እያለው ስያሜውን ለአሥርት ዓመታት በጠርሙሱ ላይ ሳይጽፍ ቆይቷል። ገበያ የሚያስገኝ ስም ሆን ብሎ መተው ቀላል ውሳኔ አይደለም። በምትኩ በ2015 ለገበያ ያቀረበው 'ሾልሃመር' የተባለ ሪዝሊንግ፣ በሾነንቡርግ ውስጥ ካለች ከአንድ ሄክታር በታች ከሆነች ማሳ የተገኘ የ2007 ምርት ነው። 'ግሮሲ ላዌ' ተብለው የሚጠሩት ምርጥ ጠጆቹ ስም ደግሞ ፈረንሳይኛም መደበኛ ጀርመንኛም አይደለም፤ 'ታላላቅ ማሳዎች' ማለት ሲሆን፣ የተወሰደው ከአልዛስ ሕዝብ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ነው።

ርስቱን ሳይከፋፍሉ ማውረስ

በፈረንሳይ የወይን እርሻን በአንድ ቤተሰብ እጅ ማቆየት አስቸጋሪ ነው። ከናፖሊዮን ዘመን የወረደው የውርስ ሕግ ልጆች ሁሉ እኩል እንዲካፈሉ ስለሚያዝ፣ ማሳ በየትውልዱ ይበጣጠሳል፤ የውርስ ግብሩም ብዙ ቤተሰቦችን ለትላልቅ ኩባንያዎች እንዲሸጡ አስገድዷል። የሁጌል ቤት በጋራ ባለቤትነት የቆየ ሲሆን፣ እንደ እሱ ያሉ ጥቂት የአውሮፓ ነባር የወይን ጠጅ ቤተሰቦችን ባሰባሰበው 'ፕሪሙም ፋሚሊዬ ቪኒ' ማኅበር ውስጥም አባል ነው።

በ2016 የቤቱን ስም በዓለም ሲያስተዋውቅ የነበረው ኤትየን ሁጌል በ57 ዓመቱ በድንገት ሲሞት፣ ኃላፊነቱ ከተጠበቀው ጊዜ ቀድሞ ወደ ወጣቶቹ ተላለፈ። እነሱን የገጠማቸው ለውጥ ደግሞ ከአየሩ የመጣ ነው። በአልዛስ የወይን ለቀማ ከ1970ዎቹ ጋር ሲነጻጸር በሳምንታት ቀድሞ ይጀመራል። ቀድሞ በጥቅምት ወር የሚሰበሰበው ፍሬ አሁን በመስከረም፣ በሞቃት ዓመታት ደግሞ በነሐሴ ይደርሳል፤ አያቶቻቸው ፍሬው በስሎ ስኳሩ እንዲበዛ ሲጨነቁበት የነበረው ሪዝሊንግ ዛሬ ኮምጣጤነቱን እንዳያጣ የሚፈራለት ሆኗል።