ከወናፍ እስከ ባሌስትራ፤ በጅማና በአካባቢዋ የቡና ከተሞች ስለ ብረት ጥንካሬና ስብራት

ስለ ጅማ ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ቡናው፥ ስለ ገበያውና ስለ ነገሥታቱ ብዙ ብለዋል። ደኑን ስለ መነጠረው ገጀራ፥ ጉድጓዱን ስለ ቆፈረው ዶማና ጆንያውን ስለ ተሸከመው የመኪና ብረት ግን የሚያነሣ ጥቂት ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ነው፤ ይኸውም የዚህ አገር ሰው ብረት ምን ያህል እንደሚችልና መቼ እንደሚሰበር በምን መንገድ ዐወቀ የሚለው ነው። ዕውቀቱ ከሁለት ወገን የመጣ ነው፤ አንዱ ከባለ እጁ ምድጃ፥ ሁለተኛው ከመሐንዲሱ መፈተኛ መኪና። ሁለቱ በሚገባ ሳይገናኙ የቀሩበትንም ምክንያት በፍጻሜው እናመለክታለን።

ከሁሉ አስቀድሞ ነገሩን መለየት ይገባል። አንድ ተራ የብረት ዘንግ ሁለቱ ጫፎቹ ተይዘው ቢሳብ በመጀመሪያ በጣም ጥቂት ይረዝማል፤ ሲለቀቅም ወደ ቀድሞው ልኩ ይመለሳል። ጉተታው በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኪሎ ግራም ያህል ሲደርስ ግን ብረቱ እጅ ይሰጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቢለቀቅም እንደ ተለጠጠ ይቀራል። ወደ 40 ኪሎ ግራም ሲደርስ አንድ ቦታ ላይ እንደ አንገት ይቀጥንና ይበጠሳል። ስለዚህ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ ዘንግ ከመበጠሱ በፊት ወደ 31 ኩንታል ይችላል፤ ይህም እያንዳንዱ 60 ኪሎ የሚመዝን ከ50 በላይ የቡና ጆንያ ማለት ነው። ልብ ማለት የሚገባን ግን ጥንካሬና አለመሰበር አንድ አለመሆናቸውን ነው። ለስላሳ ብረት አስቀድሞ በመለጠጥ ያስጠነቅቃል፤ እጅግ የጠነከረ ብረት ግን ብዙ ይሸከምና ሳይናገር ይሰበራል።

በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን፥ ይኸውም ከ1870 ዓ.ም. ገደማ አንሥቶ ከ50 ዓመት በላይ፥ የሂርማታ ገበያ ከብዙ አገር ነጋዴ የሚሰበሰብበት ነበር። የእርሻውን መሣሪያና ጦሩን የሚሠሩት በኦሮሞኛ ቱምቱ የሚባሉት ባለ እጆች ነበሩ። በከፋ፥ በዳውሮና ከዚያም ወዲያ በዲሜ የብረት ድንጋይ ከከሰል ጋር በጭቃ ምድጃ እየተጨመረ በወናፍ ይነድድ ነበር። በእንዲህ ያለው ምድጃ ብረቱ እንደ ውሃ አይቀልጥም፤ እንደ ስፖንጅ ሆኖ ከዝቃጩ ጋር ይወጣና በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ይጠራል። ካርቦን በብዛት ስለሌለበት ጥንካሬው ከዛሬው ተራ ብረት ጥቂት ያንሳል፤ ግሎ ውሃ ውስጥ ቢነከርም ብዙ አይጠነክርም። ነገር ግን ከመሰበር ይልቅ መጉበጥ ይቀናዋል። የጎበጠ ማረሻ ደግሞ በመዶሻ ይቃናል፤ ለገበሬው ይህ ቀላል ጥቅም አልነበረም።

ጣልያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ ተደርጋ ከአዲስ አበባ ጋር በመኪና መንገድ ተገናኘች። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቁሞ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የአገሪቱን መንገዶች ማደስ ጀመረ። የአጋሮ፥ የሊሙና የጌራ ቡናም ከበቅሎ ጀርባ እየወረደ በመኪና ላይ ተጫነ። በዚህ ጊዜ አዲስ ዓይነት ብረት ወደ አገሩ ገባ፤ እርሱም ሾፌሮች በጣልያንኛ ስሙ ባሌስትራ የሚሉት፥ ከመኪናው በታች ተደራርቦ ሸክሙን የሚችለው ዝርግ አረብ ብረት ነው። ከመቶ 0.6 ያህል ካርቦን አለበት፤ ተግሎ፥ ተነክሮና እንደ ገና በልክ ሞቆ የተሠራ ስለሆነ በካሬ ሚሊ ሜትር ከ120 ኪሎ ግራም በላይ ይችላል። ይህም ከተራው ብረት ሦስት እጥፍ ነው።

እንግዲህ ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ስለምን ይሰበራል? በ1842 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር በቬርሳይ መንገድ የአንድ ባቡር አክስል ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ በ1850ዎቹና በ1860ዎቹ ጀርመናዊው የባቡር መሐንዲስ አውጉስት ቮለር ደጋግሞ በመፈተን ምክንያቱን አሳየ። አንድ ጊዜ ቢጫን ምንም የማይሆን ብረት፥ ከዚያ ያነሰ ጭነት ብዙ ሺህ ጊዜ ሲመላለስበት ይሰበራል። ሽቦን በእጁ እያጎበጠ እያቃና የሰበረ ሁሉ የዚህን ነገር ዘመድ ያውቀዋል። ባሌስትራም እንዲሁ ነው። በየጉድጓዱ ሲረግጥ የላይኛው ፊቱ ይሳባል፤ ሲነሣ ይላላል። ከዝገት ወይም ከቡሎን ቀዳዳ አጠገብ ትንሽ ስንጥቅ ይጀምራል፤ ስንጥቁም ቀስ በቀስ ይገባል። ከልኩ በላይ የተጫነ መኪና ይህን ያፋጥነዋል። የብረት ድካም የሚባለው ይህ ነው።

የተሰበረው ባሌስትራ ግን አይጣልም፤ ወደ ባለ እጁ ይመለሳል። ለዚህ ጽሑፍ በአጋሮ ገበያ አጠገብ ከሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ባለ እጅ ዘንድ ሄደን ነበር። ስባሪውን አንሥተው በመዶሻ መቱትና ድምፁን አዳመጡ፤ ድምፁ የደነዘዘውን ስንጥቅ አለበት ብለው ለዩት። የደኅናውን አግለው፥ ቀጥቅጠው፥ ገጀራ አበጁና በውሃ ነከሩት፤ ሞረድም ሲያስነኩት አንሸራተተ። ይህ እንዲሁ ቢሸጥ በመጀመሪያው ግንድ ላይ ይሰበራል አሉን። ስለዚህ ጠርገው እንደ ገና በቀስታ አሞቁት፤ ስለቱ ገለባ መሰል ቢጫ፥ ጀርባው ሰማያዊ ሲሆን አወጡት። መሐንዲሱ ቢጫውን ወደ 230፥ ሰማያዊውን ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይለዋል። ሽማግሌው ቁጥሩን አልጠሩልንም፤ ነገር ግን ከጥንካሬው ጥቂት ቀንሶ መሰበርን መከልከል እንደሚቻል በዓይናቸው ያውቃሉ።

ዴቪድ ከርካልዲ በ1866 እ.ኤ.አ. በለንደን ከተማ የብረት መፈተኛ ቤት ከፍቶ ማንም ሰው ብረቱን አምጥቶ እንዲያስለካ አድርጎ ነበር። በዚያ አገር የሠሪው እጅና የለኪው ቁጥር በአንድ ቤት ተገናኙ። በእኛ አገር ግን በመካከላቸው ንቀት ቆመ። በብዙ ስፍራ ብረት ሠሪው ቡዳ ተብሎ ይፈራ፥ ከእርሱም ጋር መጋባት ይነወር ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ስድቡ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። እኛም ራሳችን በልጅነታችን ወደ ባለ እጅ ምድጃ እንዳንጠጋ ተመክረናል፤ ስለ ብረት ጥንካሬ የተማርነው ከመጽሐፍ ነው። የሽማግሌው ልጆች ደግሞ በስድቡ ምክንያት ሥራውን ትተዋል። እርሳቸው ሲያልፉ ዓይናቸው የሚያውቀው አብሮ ያልፋል።

ስለዚህ የምናቀርበው አሳብ ቀላል ነው። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ትምህርት የሚሰጥበት ክፍል አለ፤ የባለ እጆቹም ምድጃ ሩቅ አይደለም። በቢጫና በሰማያዊ ቀለም የወጣ ስባሪ ተወስዶ ይሳብ፤ በስንት ኪሎ እንደ ተበጠሰም ከሠሪው ስም ጋር ይጻፍ። ይህን የምንለው ሽማግሌውን በቁጥር ለመፈተን አይደለም፤ ቁጥሩና ቀለሙ ጎን ለጎን ተጽፈው ለሚመጣው ተማሪ እንዲቆዩ ነው።