የአንታሎ ባሕርና የአፋር ስንጥቅ

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በጄኔራል ናፒየር እየተመራ ከዙላ ወደ መቅደላ ሲዘምት፥ ከወታደሮቹ ጋራ ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል አንድ የሥነ ምድር ሊቅ አብሮ ነበረ። ሰውዬው የህንድ አገር የምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነው። የዐፄ ቴዎድሮስን ፍጻሜ የጻፉ ብዙዎች ሲሆኑ፥ የብላንፎርድን መዶሻ የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ በፈረንጆች ቁጥር በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ ለአገራችን አለቶች የሰጣቸው ስሞች ዛሬም ይነገራሉ፤ እነዚህም የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ፥ የአንታሎ የኖራ ድንጋይ፥ የአሸንጌና የመቅደላ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ናቸው። ስሞቹን ተራ በተራ ያነበበ ሰው የጦሩን ጕዞ ያገኛል። ይልቁንም የሚያስገርመው፥ ይኸው ተራ ከታች ወደ ላይ፥ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚወጣ የዕድሜ ተራ መሆኑ ነው። የአገራችን ምድር ታሪክ መጀመሪያ የተነበበው በወራሪ ጦር ስንቅ መሆኑ ደስ የሚያሰኝ አይደለም፤ ንባቡ ግን ትክክል ነበረ።

ከአዲግራት ድንጋይ በታች፥ በትግራይ ቈላዎች የሚታየው ከሁሉ የቀደመ አለት ነው። ይህ አለት ከ850 እስከ 550 ሚሊዮን ዓመት በፊት የባሕር ወለልና የገሞራ ደሴቶች እርስ በርሳቸው ተጋጭተው የተጣበቁበት ነው። ከዚህ እንደምንረዳው ክፍለ ዓለም አንድ ጊዜ ተቀርጾ ያለቀ ነገር ሳይሆን እንደ ድሪቶ የተጣጣፈ ነው። ያን ጊዜ የቆሙት ተራሮች በዝናብና በነፋስ ተበልተው ሜዳ ሆኑ፤ በላያቸውም አሸዋ ተነጠፈ፤ ኋላም ባሕር መጣ። የአንታሎ የኖራ ድንጋይ የዚያ ባሕር ደለል ነው። ዛሬ በመቀሌ ዙሪያ ግንብ የሚሠራበትን ድንጋይ ቀረብ ብሎ የተመለከተ ሰው የዛጎል ምልክት ያገኝበታል። ባሕሩ ከሸሸ በኋላ፥ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፥ ከምድር ሆድ የወጣው ትኵስ ቅልጥ ድንጋይ ደጋውን ሁሉ አለበሰው፤ በአንዳንድ ስፍራ ውፍረቱ ሁለት ሺህ ሜትር ይደርሳል።

ብላንፎርድ ድንጋዮቹን በተራ አስቀመጠ እንጂ ምድሪቱ በጎን ትሄዳለች ብሎ አላሰበም። ይህን ያሰበው ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬጌነር ነው። በ1912 (እንደ ፈረንጆች) አሳቡን ለሊቃውንት አቀረበ፤ በ1915 መጽሐፉን አወጣ። ዓረብን ወደ አፍሪካ መልሰን ብንገጥማት፥ ጠረፎቻቸው ይገጣጠማሉ፤ የአፋር ማዕዘን ብቻ ይደናቀፋል። ቬጌነር ይህ ማዕዘን ከሥር በወጣ አዲስ ገሞራ የተሞላ ስለ ሆነ ከጥንቱ ካርታ ሊነሣ ይገባዋል አለ። ዝርዝሩ ዛሬ ከእሱ ግምት ይልቅ የተወሳሰበ ሆኖ ተገኝቷል፤ መሠረቱ ግን ልክ ነው። ነገር ግን ክፍለ ዓለማትን የሚገፋውን ኃይል ማሳየት ስላልቻለ ብዙዎች አፌዙበት፤ እሱም በ1930 በግሪንላንድ በረዶ ላይ ሞተ። የውቅያኖስ ወለል ጥናት ነገሩን ያስረዳው በ1960ዎቹ ነው። በእኔ አስተያየት፥ ተጠራጣሪዎቹ ወደ አፋር ወርደው ቢመለከቱ ኖሮ ክርክሩ ባጠረ ነበር።

በእኛ አገር ግን ምስክርነቱ በመከራ የመጣ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴ ፈረሰች፤ በ1961 ዓ.ም. ሠርዶ ፈረሰች። የመጀመሪያው የተንቀጠቀጠው አፋር ከደጋው በሚላቀቅበት ምድር ሲሆን፥ ሁለተኛው በአፋር ውስጥ ነው። የዚህን መሰሉን መከራ ታሪክ ከጽሑፍና ከአፍ ለቃቅመው በ1979 (እንደ ፈረንጆች) በመጽሐፍ ያወጡት በአዲስ አበባ ያስተማሩት አባ ፒየር ጉዋን ናቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ የሆነው ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቅልጥ ድንጋይ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ስንጥቅ ከመሬት በታች ገባ፤ ምድሪቱም እስከ 8 ሜትር ተከፈተች። ዳኡሬ በተባለው ስፍራ አመድ ተነሥቶ ከብት አርቢዎች ሸሹ። ዓረብ ከአፍሪካ የምትርቀው በዓመት ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ስምንት ሜትር የ400 ዓመት መንገድ መሆኑ ነው። ክፍለ ዓለም ቀስ እያለ ይሄዳል ሲባል የሰማ ሁሉ ይህን ይጨምርበት፤ ዘመናት ሙሉ ይወጠራል፥ ከዚያም በአንድ ወር ይዘላል።

የዳሎል ምድር ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከመቶ ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት እንደ ነበረ በዳር የቀረው ኮራል ያስረዳል፤ ከዚያ በኋላ ደርቆ ጨው ሆነ። አሞሌው ከዚያ እየተቈረጠ በአገራችን ገበያ እንደ ገንዘብ አገልግሏል። በጥንቱ የአርሆ መንገድ ከዚያ ወደ መቀሌ የሚወጣው ግመል፥ የአንዱን ባሕር ጨው ተሸክሞ የሌላውን ባሕር ወለል ይረግጥ ነበር።